ዋልካ ላይ የተነጠፈ ጭድ

አጎቴ ቦታ እንለዋወጥ ሲሉኝ ደስ አለኝ። የእኔ፣ ከአባቴ የወረስኩት፣ ከአሸተን ማርያም በታች ያለ ድንጋይ የበዛበት ቀይ አፈር ነው። የሳቸው ለጥ ያለ፣ መንገድ ዳር። ቤት ልሠራ ተነሥቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ቦታ ማን ይጠላል? እቦታው ላይ ሽማግሌ ተቀምጦ ምርቃት ሊጀመር ሲል ግን መሬቱ ላይ የተነጠፈውን የጤፍ ጭድ አየሁ።

"ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ትናንት ወቅቼበት ነው" አሉ፣ ፊቴን ሳያዩ።

የገበሬ ልጅ ነኝ እኮ! በበጋ በሚሰነጣጠቅ ጥቁር ዋልካ ላይ ማን አውድማ ያበጃል? ፍሬው ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። አጎትን በሽማግሌ ፊት "ዋሹ" ማለትስ እንዴት ይቻላል?

"እስቲ ዱላዎን ያውሱኝ" አልኳቸው።

አመነቱ፤ ሽማግሌዎቹ ሲያዩዋቸው ሰጡኝ። ጭዱ ላይ ብተክለው እስከ መያዣው ዘው ብሎ ገባ። ጭዱ ተከትሎት ሲወርድ ስንጥቁ አፉን ከፍቶ ታየ። ለምርቃት የተዘረጋ እጅ ሁሉ ተሰበሰበ።

"ቤቴም ያለው እንዲህ ያለ ዋልካ ላይ ነው" አሉ አጎቴ። "በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ግድግዳው ለሁለት ሊከፈል ነው። ያንተ ቀይ አፈር ግን ቤት ይሸከማል። እኔስ የት ልግባ?"

ዱላቸውን ነቅዬ፣ ጎንበስ ብዬ፣ በሁለት እጄ አቀበልኳቸው። ቦታዬን ግን አልሰጠሁም።