ከየትኛዋ አያቷ

(አዳማ፣ የጥርስ ክሊኒክ በረንዳ። የስድስት ዓመቷ ሊያ ከአባቷ ከአንዱዓለም ጋር ውስጥ ሐኪሙ ዘንድ ናት፤ እናቷ ምንትዋብና የአባቷ እናት ወይዘሮ ዘነበች ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል።)

ዘነበች፦ እስከ እሁድ ብቻ አፍሽን ያዢልኝ፣ ልጄ። ለልጄ ለሙሉእመቤት ሽማግሌ ሊመጣ ነው። ሆድ ከአገር ይሰፋል።

ምንትዋብ፦ የእኔ ሆድ ጠቧል፣ እማማ። ሐኪሙ ያሉትን አብረን ሰምተናል።

ዘነበች፦ ወግ ነው! ጥርስ እንደሆነ በውሃ ይበልዛል። የእናትሽ አገር የመቂ ውሃ የስንቱን ጥርስ አበላሽቷል!

ምንትዋብ፦ ውሃ የሚያበልዘው ላዩን ነው አሉ። የሊያ ግን ከውስጥ ነው። ከነጩ ሥር ያለው፣ ዴንቲን የሚሉት፣ ሲሠራ ጀምሮ ደካማ ነው፤ ለዚህ ነው የሚፈረፈረው። በዘር የሚመጣ ነው። አንድ ወላጅ ካለበት ለልጁ ወይ ይደርሰዋል ወይ ያልፈዋል፣ እኩል በእኩል።

ዘነበች፦ ካንቺ ወገን እንደሆነስ?

ምንትዋብ፦ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! እናቴ ዛሬም አጥንት ትቆረጥማለች። አባቴ ሙሉ ጥርሱን ይዞ ነው የተቀበረው። ማታ ማታ ጥርስዎን በብርጭቆ የሚያሳድሩት እርስዎ ነዎት።

ዘነበች፦ እሱማ እርጅና ነው!

ምንትዋብ፦ አንዱዓለምስ? «ኳስ ስጫወት አንዱ ተሰብሮ ነው» ነበር ያለኝ። ዛሬ ሐኪሙ አፉን ሲያስከፍቱት ሁሉም የተለበጠ ሆነ። ኳሱ አንድም አላስተረፈ?

ዘነበች፦ እኔን ውቀሺ። ከሠርጋችሁ በፊት ያስለበጥኩት እኔ ነኝ። ሰባት ቤት ተቆጠረ እንጂ ጥርስ ማን ጠየቀን? ብንነግርሽ ታገቢው ነበር?

ምንትዋብ፦ አገባው ነበር! ያንገበገበኝ እሱ አይደለም። የሊያ ጥርስ ሲፈረፈር፣ «ክረምቱን እናትሽ ዘንድ የጠጣችው የጉድጓድ ውሃ ነው» ያለኝ ማን ነው? ልጅዎ አይደል? እርስዎስ አጠገቡ ተቀምጠው ከንፈር አልመጠጡም?

ዘነበች፦ ደንግጬ ነው፣ የኔ ልጅ።

ምንትዋብ፦ እኔ ሞኟ መቂ ድረስ ሄጄ እናቴን «ልጄን አበላሸሽብኝ» አልኳት። ያን ጉድጓድ በገዛ እጇ በድንጋይ ደፈነችው። ሦስት ዓመት ደጇን አልረገጥኩም። እናትና ልጅ ተማክራችሁ የወለደችኝን አስከዳችሁኝ።

ዘነበች፦ እግርሽ ላይ ልውደቅ! የሙሉእመቤትም ጥርስ ያው ነው። የሚያገባት ልጅ ቤተሰቦች ከሰሙ ቀረች ማለት ነው።

ምንትዋብ፦ ነገ እሷ ስትወልድስ የማንን ጉድጓድ ልታስደፍኑ ነው?

ዘነበች፦ ምን ላድርግ ታዲያ?

ምንትዋብ፦ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። እኔ ለማንም አልናገርም፤ ለሽማግሌዎቹም ለእናቴም የሚናገሩት እርስዎ ነዎት። ነገ ሊያን ይዘን መቂ እንሄዳለን።

ዘነበች፦ እሺ፣ ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።

ምንትዋብ፦ ድንጋዩ ይቅርብዎ፤ እናቴ ብዙ ተሸክማለች። እርስዎ ጥርስዎን አውልቀው ደጇ ላይ ይቁሙልኝ። ሊያ አፏን በእጇ ሳትሸፍን ስቃ አታውቅም፤ ጥርሷን ከየትኛዋ አያቷ እንደወረሰችው በዓይኗ ትይ።