ከጥቁሩ ሎኮሞቲቭ ሥር የተነሱት ታኮዎች

የምስክር ስም፦ በመዝገቡ የተያዘ፤ በሥራ ባልደረቦቹ «አባ ፍሬን» የሚባል
ዕድሜ፦ 61
ሥራ፦ በባቡር ሙዚየም የሎኮሞቲቭ ጥገና ሠራተኛ
አድራሻ፦ ከሙዚየሙ ጀርባ፣ የሠራተኞች መኖሪያ፣ የቤት ቁጥር 14
ቃል የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡20

ሟችን የማውቀው የታናሽ እህቴ ባል በመሆኑና በሙዚየሙ ለዘጠኝ ዓመት ቀለም ቀቢ ሆኖ አብሮኝ በመሥራቱ ነው።

ትናንት ሰኞ ከጠዋቱ 3፡00 ገደማ ጥቁሩን የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ከመጋዘን በትራክተር ጎትተን ለጎብኚ ወደሚታይበት ሐዲድ አወጣነው። ሐዲዱ ወደ አሮጌዎቹ ፉርጎዎች ትንሽ ያዘቀዝቃል። የሎኮሞቲቩ ፍሬን ከሞተ ዓመታት ስላለፉት ከመንኮራኩሮቹ ሥር ሁለት የእንጨት ታኮ አድርጌ አቆምኩት። ትራክተሩ ተመለሰ። ሟች ከፊት ያለውን ቁጥር ሊቀባ በሎኮሞቲቩና በፉርጎው መካከል ገባ።

5፡10 ላይ ሥራ አስኪያጁ ፎቶ አንሺ ይዘው መጡ። ታኮዎቹን አይተው «ይሄ ግንድ ፎቶ ያበላሻል፤ ለአንድ አፍታ አንሳልኝ» አሉኝ። «ጌታዬ፣ ይሄ ብረት እኮ በእንጨቱ ነው የቆመው» ብላቸው «ሠላሳ ዓመት በራሱ ንቅንቅ ያላለ ዛሬ ክንፍ ያወጣል?» ብለው ሳቁ። ፎቶ አንሺውም ሳቀ። እኔም አፈርኩ። ሟች ቀለም ሊያመጣ ሲሄድ ቀደም ብዬ አይቼው ስለነበር የተመለሰ አልመሰለኝም። ጎንበስ ብዬ ግን አላየሁም። ታኮዎቹን በመዶሻ መትቼ አነሳሁ።

ሎኮሞቲቩ ሲሄድ ድምፅ አልነበረውም። ከመጋዘን ለመውጣት እንዲቀለው ባለፈው ሳምንት መንኮራኩሮቹን ቅባት ያጠጣሁት እኔ ነኝ። አንዱን ታኮ መልሼ ብወረውርበት ጨፍልቆት አለፈ። ሟች ወገቡ ላይ ከፉርጎው ጋር ተያዘ። ነፍሱ አልወጣችም ነበር፤ «ጋሼ፣ ወደኋላ ግፉልኝ» አለኝ። ሮጦ ከመጣው ዘበኛ ጋር አራት ሆነን ገፋን፤ ስልሳ ቶን ነው፣ ንቅንቅ አላለም። ትራክተሩ እስኪመጣ ሃያ ደቂቃ ያህል እጁን ይዤ ቆየሁ። ብሩሹ እንዳይደርቅበት ጋዝ ውስጥ እንድነክርለት ለመነኝ። ሎኮሞቲቩ ሲሳብለት ሞተ።

ከቀኑ 8፡00 ላይ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ጠርተው በሩን ዘጉና «ራሱ ነው ያነሳው በል፤ ሟች አይታሰርም» አሉኝ። ከቢሮው ወጣሁ። እህቴ ቤት ሄጄ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። «ውጣልኝ» አለችኝ፤ ወጣሁ። ዛሬ ማንም ሳይጠራኝ በእግሬ ወደ ፖሊስ ጣቢያ መጣሁ።

ቃሌ ሲነበብልኝ «ታኮዎቹ ተነሱ» ተብሎ የተጻፈው «ታኮዎቹን አነሳሁ» ተብሎ እንዲታረም ጠይቄ ታርሟል። ከዚህ በቀር የሚጨመርም የሚቀነስም የለኝም፤ እውነት ነው ስል ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ ________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ________