የጡሩንባ ሐኪም ይባሉ የነበሩት እህታችን

ሐዘናችንን ልትካፈሉ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ዛሬ የምንሸኛቸውን የእህታችንን የሕይወት ታሪክ የማነብላችሁ ታላቅ ወንድማቸው ነኝ።

እህታችን ከብረታ ብረት አቅላጩ አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን፣ ከማቅለጫው ጀርባ በነበረችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። የቤታችን አንዱ ግድግዳ ከምድጃው ጋር የጋራ ስለነበር፣ በብርድ ወራት ጀርባችንን አስደግፈን እንሞቀው ነበር። አባታችን ከእራት በኋላ ከኪሳቸው ቁርጥራጭ እያወጡ፣ ቀዩ መዳብ ዚንክ ሲገባበት ቢጫ ናስ እንደሚሆን፣ ቆርቆሮ ሲገባበት ደግሞ፣ የቤት ክዳኑን ሳይሆን ማዕድኑን ማለቴ ነው፣ ጠንክሮ ነሐስ እንደሚሆን፣ ኒኬል ሲበዛበትም ቅላቱን ጥሎ እንደሚነጣ ያሳዩን ነበር። እኔን እንቅልፍ ሲጥለኝ፣ እህታችን ግን እያንዳንዱን በጥፍራቸው መታ እያደረጉ ድምፁን ያዳምጡ ነበር።

ከቴክኒክ ትምህርት ቤት እንደተመረቁ በውሃ ቧንቧ ፋብሪካ ተቀጠሩ፤ ይሁን እንጂ ናስ ሲቀልጥ ከዚንኩ የሚወጣው ነጭ ጭስ እያንቀጠቀጠ ስለሚጥላቸው፣ እናታችን አልቅሰው ሥራውን አስለቀቋቸው። ከዚያም በማርሽ ባንድ የዕቃ መጠገኛ ክፍል ገቡ። መስኮቱ ወደ መለማመጃው ግቢ በሚከፈተው በዚያ ክፍል፣ የተሰረጎደውን እያቀኑ፣ የተሰነጠቀውን እየበየዱ እስከ ጡረታቸው ሠሩ፤ ሙዚቀኞቹም የጡሩንባ ሐኪም ብለው ሰየሟቸው።

ትዳራቸውም የተገኘው ከዚያው ነው። አንድ ዓይን አፋር ጡሩንባ ነፊ ምንም ያልሆነ ጡሩንባ ለጥገና እያመጡ ቢያስቸግሯቸው፣ እህታችን አገላብጠው አዩና፣ “ጡሩንባው ደህና ነው፤ የታመሙትስ እርስዎ ነዎት” አሏቸው። በዚያው ዓመት ተጋብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ።

ልጆቹ ገና ተማሪዎች ሳሉ ባለቤታቸው በድንገት ታመው ግማሽ ፊታቸው ደነዘዘ፤ ከንፈራቸውም አልታዘዝ አላቸው። ጡሩንባቸውን ቁም ሣጥን ላይ ሰቅለው፣ ከሰው ተለይተው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። እህታችንም ከሥራ ሲመለሱ ጓዳ ባስገቧት ትንሽ የብረት መቅረጫ ቶርኖ ላይ ለተጎዳው ከንፈር የሚስማማ ሰፊ መንፊያ፣ ከንፈር የሚያርፍበትን የጡሩንባውን ጫፍ፣ ለማውጣት ተነሡ። ከመዳብ የሠሩት አፋቸው ላይ መረረ፤ ኒኬል ያለበት ነጩ ከንፈራቸውን አሳከከ፤ የነሐሱ ደግሞ ጠርዙ ጎረበጣቸው። ባለቤታቸው፣ “ተይኝ፣ ለእኔ አበቃ” ቢሏቸው፣ “አበቃ የምልህ እኔ ነኝ” ብለው መለሱ። በመጨረሻ ከናስ አውጥተው ብር የለበጡት መንፊያ ተስማማ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከጡሩንባው የወጣው ግን ዜማ አልነበረም፤ ጎረቤታችን በሩን አንኳኩተው፣ “ጥጃ ገዛችሁ እንዴ?” ሲሉ ጠየቁ። ባልና ሚስት ከሕመሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ባለቤታቸው ወደ ባንዱ ለመመለስ አልቻሉም፤ ነገር ግን ከአልጋቸው ተነሥተው፣ ዛሬ እዚህ ከመካከላችሁ የቆሙትን ብዙ ነፊዎች አስተማሩ።

እህታችን በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ እጃቸው በባለቤታቸው እጅ ውስጥ እንዳለ ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ዕድሜ ልኬን “አንቺ” ስላቸው ኖሬ ዛሬ ይህን ሁሉ አንቱታ ቢሰሙ ኖሮ በሳቅ ባቋረጡኝ ነበር። እስካሁን አላቋረጡኝም፤ መሄዳቸውንም ያመንኩት አሁን ነው። ፈጣሪ ነፍስሽን በብርሃን ቤቱ ያሳርፍልን፣ እህቴ።