አጭሩ ቬሎ

ለሠርጌ ቬሎ ልመርጥ ከእናቴ ጋር ጎፋ አንድ ሱቅ ገባን። አንድ እግሬ ከጉልበት በታች ሰው ሠራሽ ነው፤ ብረት ነው። ባለሱቋ እኔን አየት አድርጋ ወደ እናቴ ዞረችና፣ «ሙሽራዋ መቼ ነው የምትመጣው?» አለቻት።

«ሙሽራዋ እኔ ነኝ» አልኳት።

ተደናግጣ መሬት የሚጠርግ ቬሎ አወጣችልኝ። «አይዞሽ የኔ ቆንጆ፣ በዚህ ማንም አያውቅብሽም።» እናቴም፣ «እሱን ውሰጂ ልጄ» ብላ ሹክ አለችኝ።

ደሜ ፈላ። «እማዬ፣ ሠርቼ የምገባው በዚህ እግር ነው። እጮኛዬም ያፈቀረኝ እያየው ነው። ከማን ነው የምደብቀው?» አልኩና ከተሰቀሉት መሃል እግሬን የሚያሳየውን አጭሩን ቬሎ መረጥኩ።

የሠርጌ ቀን አዳራሹ የገባሁት ብረቱ እያብለጨለጨ ነው። እናቴ ከሁሉ ቀድማ እልልታዋን አቀለጠችው። ሰው አፈጠጠ። ያፍጥጥ! እኔ ከባሌ ጋር እስክስታዬን አስነካሁት።