የዘገየው ጭብጨባ

ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚሄደው ሚኒባስ፣ በሬዲዮ ዘፈን ጉልበቴን በእጄ እየመታሁ ተቀምጫለሁ፤ ከፊቴ አንዲት እናትና ላፕቶፕ የታቀፈች ወጣት ያወራሉ።

«ምን ትጽፊያለሽ ልጄ?»

«መመሪያ ነው እማማ። ኤአይ እሱን እያነበበ የሙዚቃ ማቀናበሪያ ፕሮግራሙን በራሱ ያዝዛል።»

«ሰው ሳይነካው?»

«አዎ። ትናንት በእህቴ ሰርግ የተቀዳ ዘፈን ሰጠሁት። የሴቶቹን ጭብጨባ ሁሉ በአንድ ምት እኩል አደረገው።»

«ታዲያ አማረ?»

«የወታደር እርምጃ መሰለ! እናቴ ሰምታ ‹አክስትሽ የት ሄደች?› አለች። አክስቴ ሁልጊዜ ዘግይታ ነው የምታጨበጭበው።»

«ውይ! እና ምን ተሻለ?»

«ወደ ነበረበት መለስኩት፤ አክስቴም ተመለሰች። መመሪያው ላይ ‹ሳትጠየቅ ጭብጨባ አትንካ› ብዬ ጨመርኩ።»

«ተባረኪ! እኔም ሳጨበጭብ የምዘገየው አውቄ ነው፤ እሱንም ጻፊልኝ።»

እኔም ከሬዲዮው ዘፈን ምት ኋላ ኋላ እየቀረሁ ጉልበቴን መምታቴን ቀጠልኩ።