በጌታ ማዕድ ያለፍኳቸው ሴት

በ፲፱፻፸፪ ዓ.ም. በግንቦት ወር፣ ከአዲስ አበባ መጥቼ አዳማ መናኸሪያ እንደወረድኩ አንድ እጅ ሻንጣዬን ያዘ። ሌባ መስሎኝ «አንተ!» ብዬ ጮህኩ። ዞር ስል ጋሽ ጃራ ናቸው። ከወለጋ መጥተው በምድር ባቡር ሠላሳ ዓመት የሠሩ ጡረተኛ፣ የቤተ ክርስቲያን ማኅበራችንም ሽማግሌ ናቸው። በማግስቱ ለቅስና መብቃት አለመብቃቴን ከሚፈትኑኝ ሰዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ። እንግዲህ ገና ከመውረዴ ፈታኜን ሌባ አልኩ ማለት ነው!

«አካም ጂርታ፣ ንዋይ ልጄ! ሌባ አደረግኸኝ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታቸው ጀምረው ሳቁ።

«ይቅርታ ጋሽ ጃራ፣ አላየሁዎትም። ጋሪ ልጥራ?»

«ተው፣ በእግራችን እንሂድ። እኔና አንተ የምናወራው ጋሪ ላይ አይወራም።»

የጸሎት ቤታችን ከታሸገ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበርና የምንሰበሰበው በየሰዉ ቤት፣ የምናወራውም በሹክሹክታ ነበር። ስለዚህ ነገሩ አልገረመኝም።

«ለነገው ተዘጋጅተሃል?» አሉኝ።

«በሽማግሌዎች ጉባኤ የሚመራውን የፕሬስባይቴሪያንን ሥርዓት ሦስት ዓመት ሙሉ አይደል የተማርኩት? የአምልኮውን ቅደም ተከተል፣ የሽማግሌዎችን አመራረጥ፣ የጉባኤዎቹን ሥልጣን... የፈለጉትን ይጠይቁኝ» አልኩ፤ ደረቴን ነፍቼ።

«እንግዲያው አንድ ልጠይቅህ። ምእመንን ከጌታ ማዕድ የሚያግድ ማነው?»

«የሽማግሌዎች ጉባኤ ነዋ! ያውም ሰውየውን ጠርቶ፣ የሚለውን ሰምቶ፣ ተመካክሮ ነው። ቄሱ ብቻውን ማንንም አያግድም።»

«ጎሽ! አንዲት አልሳትክም።» ጥቂት እንደሄድን ቆም አሉ። «ታዲያ የወንጂዋን አሳየችን ማን አገዳት?»

ማንም ያላየኝ መስሎኝ ነበር እኮ! በጥር ወር ለልምምድ መጥቼ ሳለ ሽማግሌዎቹ በቁጥር ስላነሱ ኅብስቱን እንዳዞር ታዘዝኩ። እትዬ አሳየች ጋ ስደርስ ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ዘረጉ። እኔ ግን ሳህኑን አልፌ ለሚቀጥለው ሰው ሰጠሁ። የተዘረጋው እጃቸው ባዶውን ሲታጠፍ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያን ዕለት እንዲያውም ለእውነት የቆምኩ መስሎኝ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ምክንያት ግን ነበረኝ። በዚያው ሳምንት ዘመድ ልጠይቅ ወንጂ ሄጄ፣ በቀበሌው ስብሰባ ግራ እጃቸውን አንስተው ‹ከሁሉም በላይ አብዮቱ› ሲሉ አይቻለሁ። ይህን አንልም ብለው የታሰሩ ወንድሞች አሉን!»

«አንተስ ያን ጊዜ የት ነበርክ?»

«ከአጥሩ ውጪ።»

«ከአጥሩ ውጪ!» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለምን አልሽ ብለህስ ጠየቅሃት?»

«ምን እጠይቃለሁ፣ አይቼ የለ?»

«ባሏ ጫላ እዚያው ታስሮ ነበር። መፈክሩን ካላለች አይፈታም አሏት። በማግስቱ እያለቀሰች ቤቴ መጣች። አምስት ሽማግሌዎች ተሰብስበን ሰማናት፣ አብረናት ጸለይን፣ ‹ወደ ማዕዱ ቅረቢ› አልናት። በቃለ ጉባኤ ተጽፏል። አምስታችን ቅረቢ ያልናትን አንተ ብቻህን መለስካት።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ግን የተማርኩ ነኝና፣ አይ መማር! ክርክሬን አላቆምኩም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እሺ። ነገር ግን ጋሽ ጃራ፣ በዚህ ክፉ ጊዜ ስብሰባና ቃለ ጉባኤ ቅንጦት አይሆንብንም? አሁን የሚያስፈልገን ወዲያው የሚወስን ቆራጥ እረኛ ነው።»

«የቀበሌው ሊቀመንበርም እኮ ቆራጥ ነው። ብቻውን አይቶ ብቻውን ይፈርዳል። አሳየችን በአንድ ሳምንት ሁለት ሊቀመንበር ገጠማት።»

እሳቸው ግን አልጨረሱም።

«እረኛችን ቄስ ዘገዬ ሲታሰሩ አምልኮአችን አንድ እሑድ እንኳ ተቋረጠ? ሁሉ ነገር በእሳቸው እጅ ቢሆን ኖሮ አብሯቸው ይታሰር ነበር። እኔ ደንቡን እንዳንተ አልሸመደድኩም፤ ማንበብም በስተርጅና ነው የተማርኩት። ግን እኔ ያላየሁትን ሌላው ያይልኛል፤ እኔ ስቆጣ ሌላው ይራራል። ሽማግሌ የበዛው ለዚህ ነው፣ ልጄ።»

«አሁንስ እትዬ አሳየች?»

«ከዚያ ቀን ወዲህ አልመጣችም። ሄጄ ብጠይቃትም ምክንያቱን አልነገረችኝም፤ ሳህኑ እንዳለፋት በቅርቡ የነገረኝ አጠገቧ የነበረው ሰው ነው።»

በማግስቱ ጉባኤው በአንዷ ምእመን በወይዘሮ ሮማነወርቅ ቤት ተቀመጠ። ጋሽ ጃራ ትንፍሽ አላሉም፤ ለራሴ ትተውልኝ ነበር። ገና ጥያቄ ሳይጀምሩ ተነሥቼ ያደረግሁትን ሁሉ ተናገርኩ። ውጣ ብለውኝ ከአንድ ሰዓት በላይ ተከራከሩ። ስብሰባን ቅንጦት ያልኩት ሰውዬ ግቢ ውስጥ ቆሜ፣ ‹ጌታ ሆይ፣ እባክህ በችኮላ አይፍረዱብኝ› እያልኩ እጸልይ ነበር! በመጨረሻ ቅስናዬ አንድ ዓመት እንዲዘገይ፣ ከጋሽ ጃራም ጋር ወንጂ ሄጄ ይቅርታ እንድጠይቅ ወሰኑ። ቅሬታ አልነበረኝም፤ የምለውን ሰምተው ነው የፈረዱብኝ።

እትዬ አሳየች በር ላይ አገኙን። እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«ኧረ በጌታ! ተነሥ ልጄ፣ ተነሥ!»

«እኔ ነኝ ያለፍኩዎት፣ እትዬ። ማንም አላዘዘኝም። ብቻዬን ነው ያደረግሁት።»

እንባቸው ወረደ።

«አንተ ነህ እንዴ?» አሉ። «እኔ እኮ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። እግዚአብሔር ያለፈኝ መስሎኝ ነው የቀረሁት።»

ለቅስና የምትማሩ ወንድሞቼ ሆይ፣ ደንቡን አጥኑ፤ ግን እንደ እኔ ለፈተና ብቻ አታጥኑት። ተመካክሮ የሚወስን ጉባኤ የተበደለውን ይሰማል፣ የቸኮለውን ያረጋጋል፣ እረኛው ቢታሰር እንኳ መንጋው አይበተንም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የአንድ ሰው ስሕተት የእግዚአብሔር ፍርድ መስሎ የሰው ልብ እንዳይሰብር ይጠብቃል። እትዬ አሳየች በሐምሌ ወደ ጉባኤው ተመለሱ። ይቅር ብለውኛል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ቀና ብዬ ዓይናቸውን ማየት ያቅተኛል።