ጋሽ መቀስ በኮሌጁ የክበባት ቀን

ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ መቀስ የሚላቸው ልብስ ሰፊ ባዶ ሻንጣ አንጠልጥለው ከኮሌጁ በር ሲደርሱ ግቢው በዘፈንና በድምፅ ማጉያ ይናወጥ ነበር። ይህን ቅጽል ስም ያተረፉት በሙያቸው ብቻ አይደለም፤ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ነገሩን ከመሃል ቆርጠው ራሳቸው ስለሚጨርሱትም ጭምር ነው። በሱቃቸው እንኳ ለአንዲት ልጃገረድ ቀሚስ ሲለኩ ስፋቱንና ርዝመቱን የሚጠይቁት እናቷን ነው። የገዛ ልጃቸውንማ እንግዳ “ትምህርት እንዴት ነው?” ቢላት አባት ይመልሳሉ፤ “አሞሻል ወይ?” ቢላትም አባት ይመልሳሉ። “የእኔ ልጅ ጨዋ ናት፤ ድምፅዋ ከጓዳ አልፎ አይሰማም” እያሉ ሲኮሩባት ኖረዋል።

ያቺ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ አሁን እዚያው ኮሌጁ እያደረች የነርስነት ሙያ ትማራለች። በቀደም አንድ ደንበኛ፣ ልጅዎ የክርክር ክበብ ገብታ መድረክ ላይ ልትወጣ ነው ብሎ ቢነግራቸው ቆሽታቸው አረረ። ሻንጣውን የያዙትም ልብሷን ሰብስበው ወደ ቤት ሊወስዷት፣ ከእንግዲህም በዓይናቸው ሥር ሆና በማታው ክፍል እንድትማር ሊያደርጉ ቆርጠው ነው።

በሩ ላይ እንግዳ የሚቀበለው ተማሪ ሻንጣውን ሊያግዛቸው እጁን ሲዘረጋ ቀና ብለው አዩት። የጎረቤታቸው የፀጉር አስተካካዩ ልጅ ነው። ትናንት ኳሱ መስኮታቸውን የሰበረው ልጅ ዛሬ ከረባት አስሮ ጎንበስ ብሎ ሰላም ሲላቸው ደስ አላቸው፤ ሻንጣውን ግን “የልጄን ልብስ ሰብስቤ የምወስድበት ነው” ብለው አልለቀቁም።

ልጁም የክበባት ቀን መሆኑን እያስረዳ በግቢው ይዟቸው ዞረ። በአንድ ወገን ተማሪዎች ገመድ ይጓተታሉ፤ በሌላው ወገን የመጀመሪያ እርዳታ ክበብ አባላት የጓደኛቸውን ክንድ በፋሻ ይጠቀልላሉ። ጋሽ መቀስ የክንዱን ባለቤት ሲስቅ ቢያዩት ፊታቸውን አጨፈገጉ።

“ጤነኛ ክንድ የሚጠቀልል ሰው ዛሬ ገና አየሁ” አሉ። “እኔ ልጄን የሰደድኳት ቀለም እንድትቆጥር ነው፤ እንድትጫወት አይደለም።”

“ጋሼ፣ እርስዎ ስፌት ሲማሩ በሰው ልብስ ጀመሩ ወይስ በቁራጭ ጨርቅ?”

“በቁራጭ ነዋ! የሰው ልብስ ማን አምኖ ይሰጠኛል?”

“ይኸም ቁራጭ ጨርቃችን ነው። ዛሬ እዚህ ብንሳሳት የሚጎዳ የለም።”

ጋሽ መቀስ ፋሻውስ ይሁን አሉ፤ ክርክሩ ግን ከነርስነት ጋር ምን አገናኘው? ጨርቅ ዝም ብሎ ይሰፋል፤ በሽተኛም ዝም ተብሎ ይታከማል።

“ጨርቅ አያወራም ጋሼ” አለ ልጁ። “በሽተኛ ግን ይናገራል፤ የሚጠይቀውና የሚመልስለትም ይፈልጋል። ይግቡና ልጅዎን ይስሟት። ካልወደዱት ሻንጣውን እስከ አውቶቡሱ የምሸከመው እኔ ነኝ።”

ነገሩ ፍርድ አለውና ገቡ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ጋሽ መቀስ ወንበር እንደያዙ መጀመሪያ ያዩት የመድረኩን መጋረጃ ነበር፤ ጠርዙ ተተርትሮ ወለል ይጠርጋል። ማን ይሆን እንዲህ ያበላሸው ብለው በሆዳቸው ሲራገሙ ልጃቸው ብቅ አለች።

የክርክሩ ርእስ፣ ተማሪ ከትምህርቱ ጎን ክበብ ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም የሚል ነበር። ልጅቱ ያስፈልገዋል ከሚሉት ወገን ናት። ሁለቱም ወገኖች ተራ በተራ ተናግረው ሲያበቁ፣ ከዳኞቹ አንዷ የሆኑት መምህርት የመጨረሻውን ጥያቄ ወደ እሷ ወረወሩ፤ “ልጄን የላክሁት ለትምህርት ነው፣ ክበብ ምን ያደርግለታል ለሚል ወላጅ ምን ትመልሺለታለሽ?”

ልጅቱ አፏን ሳትከፍት ከኋላ ወንበር ድምፅ ተሰማ። ጋሽ መቀስ ሳያስቡት ቆመው ኖሯል።

“እሷ ምን ትመልሳለች? ልጄ ጨዋ ናት፤ እኔ ልመልስላት” አሉ።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ጋሽ መቀስ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። ልጃቸው ግን አልሳቀችም። ሳቁ እስኪበርድ ጠብቃ፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሳቻቸው።

“አባዬ፣ የተጠየቅሁት እኔ ነኝ። ይፍቀዱልኝና ልመልስ።”

ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ተቀመጡ።

“ባለፈው ዓመት ለልምምድ ሆስፒታል ወጥተን ነበር” አለች ልጅቱ። “አንዲት ነርስ የአንዱን በሽተኛ መድኃኒት ለሌላው ልትሰጥ ስትል አየሁ። ስህተት መሆኑን አውቄአለሁ። ግን ታላቅ ፊት መናገር አልለመድኩም፤ ድምፄ ከጉሮሮዬ አልወጣ አለ። አጠገቤ የነበረው ተማሪ ባይናገር ኖሮ ያ ሰው ይጎዳ ነበር። እኔ ዝም ስል ጨዋ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ሰው እየተጎዳ ዝም ማለት ግን ጨዋነት አይደለም። ክበቡ የገባሁት በማግሥቱ ነው። ለዚያ ወላጅ፣ ትምህርቱን ያገኘሁት ከክፍል ነው፣ ትምህርቴን አውጥቼ የምሠራበትን ድምፅ ያገኘሁት ግን እዚህ ነው እለዋለሁ። ጨዋነቱንም አልጣልኩትም፤ አሁንም ያባቴን ፈቃድ ጠይቄ ነው የተናገርኩት።”

አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ። ጋሽ መቀስ ሻንጣውን እግራቸው ሥር ጥለው፣ መርፌ ያጠነከረው መዳፋቸው እስኪቀላ አጨበጨቡ። ዋንጫው ለልጅቱ ወገን ሲሰጥ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ ሰው አየኝ አላየኝ አላሉም።

ከአዳራሹ ሲወጡ መምህርቷ አባትና ልጅን አስቆሙና፣ “ልጅዎ ስትመረቅ በየትኛው የሕክምና ክፍል መሥራት ታስባለች?” ብለው ጠየቁ። ጋሽ መቀስ እንደ ልማዳቸው አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ መልሰው ዘጉት።

“እሷን ይጠይቋት” አሉ።

ልጅቱ ያባቷን እጅ ያዘችና ከሕፃናት ጋር መሥራት እንደምትፈልግ ተናገረች። አባት ይህን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ለካ ጠይቀዋት አያውቁም።

ልጅቱ እዚያው ትምህርቷ ላይ ቀረች፤ ሻንጣው ግን ባዶውን አልተመለሰም። ጋሽ መቀስ ሰፍቼ ልመልሰው ያሉት የተተረተረው መጋረጃ ታጥፎ ገባበትና፣ የፀጉር አስተካካዩ ልጅ ቃሉን አክብሮ እስከ አውቶቡሱ ተሸከመው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ወላጅ ለልጁ ሁሉን ልመልስለት ሲል የልጁን ልብ ሳያውቅ ይቀራል፤ አፉን የሚፈታበት መድረክ የሰጠ ኮሌጅ ግን ለበሽተኛ የሚደርስ ነርስ፣ ለአባትም የሚያውቃት ልጅ ይመልሳል። ጋሽ መቀስ መጋረጃውን ሰፍተው በጨረሱ ማግሥት አንዲት እናት ልጇን ይዛ ሱቃቸው ገባች። ቀሚሱ ሰፋ፣ ረዘም፣ አንገቱም ዘጋ ይበልላት አለች። ጋሽ መቀስ ሜትሩን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ ልጅቱ ዞሩ።

“አንቺስ ልጄ፣ ምን ዓይነት ነው የምትፈልጊው?” አሉና፣ እስክትናገር ድረስ ዝም ብለው ጠበቋት።